ፎርዛ ሆራይዞን 5፦ የተቆለፉት መኪኖች አናደዱኝ፤ ልግዛ ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ፎርዛ ሆራይዞን 5 የሚባለውን የመኪና ውድድር ጌም ውጭ ያለችው እህቴ በቅናሽ ሰሞን ስቲም ከሚባለው የኦንላይን ጌም መሸጫ ገዝታልኛለች። ላፕቶፕ ላይ በኪቦርድ ነው የምጫወተው። ጌሙን በጣም ወድጄዋለሁ። ግን መኪና መሸጫው ውስጥ በገባሁ ቁጥር ግማሹ መኪና በዶላር ግዛኝ ይላል። ካርታው ላይም ሁለት የተቆለፉ ቦታዎች አሉ። ኦንላይን ስገባ ሁሌ መጨረሻ ነኝ፤ በዶላር የሚሸጠው ቪአይፒ ስለሌለኝ ይመስለኛል። ድሮ ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ ስንጫወት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ጓደኛዬ ‹ተጨማሪዎቹን በክራክ፣ ሳይከፈል በሚከፍት ፕሮግራም፣ እንክፈታቸው› እያለኝ ነው። እህቴን አስቸግሬ ሁሉንም ላስገዛ? በክራክ ልክፈት? ወይስ ጌሙን አጥፍቼ ልገላገል? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ጌሙን አታጥፋው። ሁሉንም አታስገዛ። ክራኩን እርሳው። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው፤ ጥያቄህ ውስጥ መስተካከል ያለባቸው ጥቂት ነገሮችም አሉ።

መጀመሪያ «ግማሹ» የሚለውን እናስተካክል። ጌሙ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 9 ቀን 2021 ሲወጣ ከ500 በላይ መኪና ይዞ ነው። አብዛኞቹን የምትገዛው እየተወዳደርክ በምታገኘው የጌሙ ብር፣ ማለትም በክሬዲት ነው። ክሬዲቱ ራሱ ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ አይሸጥም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ጌሞች ተጫዋቹን የሚያልቡት እዚያ ላይ ነው። በዶላር የሚሸጡት ካር ፓስ የሚባለው የ42 መኪኖች ጥቅል፣ በየጊዜው የወጡ ትንንሽ ጥቅሎች፣ ጥቂት የቪአይፒ መኪኖችና ካርታው ላይ ተቆልፈው ካየሃቸው ከሁለቱ ትልልቅ ማስፋፊያዎች ጋር የመጡት ናቸው። ግማሽ የሚመስሉህ ከሌሎቹ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ተደባልቀው ስለተቀመጡ ነው። ፖርሽ ብለህ ስትገባ አንዱ በክሬዲት፣ ከጎኑ ያለው በዶላር። ዓይን ደግሞ የሚያርፈው የተከለከለው ላይ ነው። ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ሱቁ የተሠራው እንዲህ እንዲሆን ተብሎ ነው። ስለዚህ ቆጠራህ ቢሳሳትም ንዴትህ ከመሬት አልተነሳም።

ቪአይፒውን በተመለከተ ግን ተሳስተሃል። ቪአይፒ ማንንም አያስቀድምም። የሚሰጥህ ነገር የታወቀ ነው፦ የውድድር ክሬዲትህ እጥፍ ይሆናል፣ ጥቂት ልዩ መኪኖች ታገኛለህ፣ አንድ ቤት በነጻ ይሰጥሃል፣ በየሳምንቱ የዕጣ ጎማ ታሽከረክራለህ፣ ስምህ አጠገብ ዘውድ ይቀመጥልሃል። በቃ። መኪናህን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አያፈጥነውም። ውድድሮቹ በክፍል የተከፋፈሉ ናቸው። እያንዳንዱ መኪና የብቃት ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ የኤ ክፍል ከ701 እስከ 800 ነው፤ ኤስ 1 ከ801 እስከ 900። የኤ ክፍል ውድድር ውስጥ የገባ ሁሉ ከ800 አይበልጥም፣ ዘውድ ይኑረው አይኑረው። እርግጥ ከሚሸጡት መኪኖች መካከል በክፍላቸው በጣም ጠንካራ የሆኑ አሉ። ይሄን መካድ አይቻልም። አንተን መጨረሻ የሚያስወጡህ ግን እነሱ አይደሉም።

የሚያስወጣህ ኪቦርዱ ነው። ኪቦርድ ላይ መሪው ወይ ሙሉ በሙሉ ዞሯል፣ ወይ አልዞረም። ነዳጅ ስትሰጥም እንዲሁ፤ ወይ እስከ መጨረሻው ረግጠሃል ወይ ለቀሃል። ጌሙ ትንሽ ያለሳልስልሃል፤ ግን ኩርባ ላይ ሩብ መሪና ግማሽ ነዳጅ በሚያስፈልግበት ሰዓት ጣትህ ያንን መስጠት አይችልም። ከኋላ የሚነዳ ጉልበተኛ መኪና ከሆነማ ጎማው ይሾራል፣ አንተም ትሾራለህ። በኪቦርድ ጎበዝ የሆኑ ሰዎች አሉ። እነሱ ግን ቁልፉን ቶሎ ቶሎ መታ መታ በማድረግ ለረጅም ጊዜ ተለማምደው የመጡ ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት መኪናህን ከሱቅ እንደወጣ ይዘህ መግባትህ ነው። ይሄን ስለ ራስህ አልነገርከኝም፤ ግን ቪአይፒ የሌለው ሰው ተሸነፍኩ ሲል ሁልጊዜ የሚገኘው ነገር ነው። ከጎንህ የተሰለፉት ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽና ሞተር ቀይረው፣ ክፍሉ የሚፈቅደው የመጨረሻ ቁጥር ላይ አድርሰው ነው የሚገቡት። አንተ 730 ላይ ነህ፣ እነሱ 800 ላይ። ይሄን ለማስተካከል ደግሞ አንድ ሳንቲም አያስፈልግም። ሌሎች ተጫዋቾች የሠሩትን ማስተካከያ እዚያው ጌሙ ውስጥ ፈልገህ በነጻ ማውረድ ትችላለህ። የዕቃውን ዋጋ በክሬዲት ትከፍላለህ፣ መኪናው ይቀየራል። መካኒክነት መማር አይጠበቅብህም። ዛሬ ማታ ሞክረውና ልዩነቱን እየው።

ሞስት ዋንትድን የምታስታውሰው በናፍቆት ነው። የ2005ቱን ማለትህ ይመስለኛል፤ እዚህ ከተማ ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ ያንን ቢኤምደብሊው ሳይነዳ አላደገም። ግን ያኔም ብላክ ኤዲሽን የሚባል ልዩ እትም ነበር። ተጨማሪ መኪኖችም ነበሩት። እኛ ጋ የመጣው በሃርድ ዲስክ ሲገለባበጥ ስለሆነ ሱቁን አላየነውም እንጂ ሱቁ ነበር። የሆራይዞን ተከታታይም ከመጀመሪያው ከ2012 ጀምሮ ተጨማሪ መኪኖችን ሲሸጥ ነው የኖረው። ልዩነቱ ድሮ ማስታወቂያው ካርቶኑ ላይ ነበር፤ አሁን መኪና ለመምረጥ በገባህ ቁጥር ይጠብቅሃል። ከዚህ የባሰም ታይቷል። በ2017 የወጣው ኒድ ፎር ስፒድ ፔይባክ መኪናህን የምታሳድግበትን ዕቃ በዕጣ ካርድ አድርጎት ተጫዋቹ ተንጫጭቶ ነው ያሻሻሉት። በዚያው ዓመት የወጣው ፎርዛ ሞተርስፖርት 7 ራሱ የዕጣ ሳጥን ነበረው፤ በኋላ አነሱት። በ2018 የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ በገንዘብ የሚገዛ የዕጣ ሳጥን ቁማር ነው እስከማለት ደርሷል። ፎርዛ ሆራይዞን 5 ውስጥም የዕጣ ጎማ አለ፤ በጨዋታ ይገኛል እንጂ እየደጋገምክ በዶላር የምትገዛው አይደለም። በዚህ በኩል ጌሙ ንጹሕ ባይሆንም ሌባ አይደለም።

እኔን በግሌ ከሁሉ የሚያናድደኝ ትሬዠር ማፕ የሚሉት ነው። ካርታው ላይ የልምድ ነጥብ የሚሰጡ 200 ሰሌዳዎችና የፈጣን ጉዞ ዋጋ የሚቀንሱ 50 ሰሌዳዎች ተበትነዋል። እየዞርክ ፈልገህ በመኪና ትሰብራቸዋለህ። ጨዋታው ራሱ መፈለጉ ነው። ትሬዠር ማፕ ሁሉም ያሉበትን ያሳይሃል። ማለትም ፈልግ ብለው የደበቁትን ነገር ቦታውን መልሰው ይሸጡልሃል። አትግዛው። ለማንም አትግዛለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ አንድም ሳትገዛ እንዴት ነው የምትዝናናው?

የመኪና መሸጫውን እንደ ገበያ መዞር ተው። ምን እንደምትፈልግ ወስነህ ግባና ውጣ። ዝርዝሩ ማጣሪያ አለው። በክፍል፣ በአገር፣ በዘመን አጣርተህ ስታይ ሰልፉ ያጥራል፣ ዓይንህም ያርፋል። ካርታውም ላይ ማጣሪያ አለ፤ ለአሁኑ የማትፈልጋቸውን ምልክቶች ደብቃቸው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የንዴትህ ትልቁ ክፍል የሚመጣው በቀን አሥር ጊዜ አንድ የተቆለፈ ነገር ከማየት ነው።

ከዚያ ለአንድ ወር አንድ ክፍል ብቻ ምረጥ። እኔ ቢ ክፍልን እመክርሃለሁ፤ ከ601 እስከ 700 ያለው ማለት ነው። ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ለኪቦርድም አይከፋም፣ አሮጌና ርካሽ መኪኖች የሚያበሩትም እዚያ ነው። ሦስት መኪና ያዝ። አንድ ለአስፋልት፣ አንድ ለኮረኮንች፣ አንድ ለጭቃና ለሜዳ። መኪና ሰብሳቢ መሆን ስታቆም በዶላር የሚሸጠው መኪና ጉልበቱን ያጣል። ሁሉንም ልያዝ ያለ ሰው ብቻ ነው ሁልጊዜ የሚጎድለው። እዚህ ጌም ውስጥ ሁሉንም መያዝ ደግሞ ለማንም የሚጠቅም ሥራ አይደለም፤ ብዙዎቹን አንድ ቀን ነድተህ ጋራዥ ውስጥ ትረሳቸዋለህ።

ክሬዲት አነሰኝ ካልክ ከቪአይፒ በፊት የእገዛ ማስተካከያዎቹን እይ። ጌሙ ሲጀመር መንገድ የሚያሳይ መስመር፣ የጎማ መሾር መቆጣጠሪያ፣ አውቶማቲክ ማርሽና ሌሎችም በርተው ይመጣሉ። እነሱን ባጠፋህና የተፎካካሪዎቹን ደረጃ ከፍ ባደረግህ ቁጥር የምታገኘው ክሬዲት በመቶኛ ይጨምራል። በአንድ ጊዜ አታጥፋቸው። መጀመሪያ መስመሩን ኩርባ ላይ ብቻ እንዲታይ አድርግ። ከዚያ ማርሹን ወደ ማንዋል ቀይር። የጎማ መቆጣጠሪያውን በኪቦርድ እስከተጫወትክ ድረስ ባትነካው ይሻላል። በዚህ መንገድ ክሬዲቱም ያድጋል፣ አነዳድህም ያድጋል። ቪአይፒ ሁለተኛውን አይሰጥህም።

ነጻ መኪናም ሞልቷል። ካርታው ላይ በየጎተራው የተጣሉ አሮጌ መኪኖች አሉ፤ ፍንጩ ሲመጣልህ ሂድና ፈልግ፣ ተጠግኖ የአንተ ይሆናል። የጌሙ ወቅት በየሳምንቱ ሐሙስ ይቀየራል፤ ከወቅቱ ጋር የሚመጡ ውድድሮች ነጥብ ይሰጣሉ፣ ነጥቡ ሲሞላ መኪና ትሸለማለህ። አንዳንዱ ውድድር የሌለህን መኪና ወይም ማስፋፊያ ሊጠይቅህ ይችላል። ዝለለው። ሽልማቱ የሚጠይቀው የተወሰነ ነጥብ ነው እንጂ ሁሉንም መጨረስ አይደለም። ጨረታም አለ፤ ሌሎች ተጫዋቾች መኪናቸውን በክሬዲት ይሸጣሉ፣ በትዕግሥት የጠበቀ ሰው ደህና ዕቃ ያገኛል።

ደግሞም ንዳ እንጂ። ዝም ብለህ ንዳ። ጌሙ የተሠራው ሜክሲኮ ላይ ነው። ጓናጁዋቶ የምትባለው ከተማ፣ ከሥሯ ዋሻ መንገዶች ያሏት፣ ሙሉ በሙሉ ክፍት ናት። ግራን ካልዴራ የተባለው እሳተ ገሞራ አናት ላይ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ለወረደ ሰው ባዕድ አይሆንበትም፤ ማታ ላይ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ያለ ሙዚቃ ውረደው። ጎልያድ የሚባለው ረጅም ውድድር ካርታውን ይዞርልሃል። እነዚህ አንዳቸውም በዶላር የተቆለፉ አይደሉም። መንገዶቹን ሁሉ ነድቶ መጨረስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ከመንገዶቹ ብዛት አንጻር በአንድ ክረምት ብትጨርሰው እገረማለሁ።

ወደ ግዢው እንምጣ። ተጨማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሁለቱ ካርታ ላይ የምታያቸው ቦታዎች ሆት ዊልስና ራሊ አድቬንቸር ናቸው። የመጀመሪያው በጁላይ 2022፣ ሁለተኛው በማርች 2023 ወጡ። ሁለቱም የራሳቸው ካርታ፣ የራሳቸው ውድድርና እያንዳንዳቸው 10 አዲስ መኪና አላቸው። ከአንተ ጌም ተቆርጠው የተነሱ አይደሉም፤ ዋናው ጌም ከወጣ በኋላ ለብቻቸው የመጡ ናቸው። ሆት ዊልስ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ የልጆች መጫወቻ መንገድ ነው፤ ተገልብጠህ ትነዳለህ፣ ጥሩ ሳቅ አለው፣ ግን ከሳምንት በኋላ የምትመለስበት ላይሆን ይችላል። ራሊ አድቬንቸር ግን ለየት ይላል። ሲየራ ኑዌቫ የሚባል ተራራማና አቧራማ ቦታ ነው። አብሮህ ያለው ረዳት ቀጣዩን ኩርባ ይነግርሃል። ከሌሎች ጋር እየተጋፋህ ሳይሆን ከሰዓት ጋር የምትሮጥባቸው ውድድሮችም አሉት። መንዳት ለሚወድ ሰው ዋጋ ያለው እሱ ነው።

ካር ፓስ በሙሉ ዋጋው 29.99 ዶላር ነው። ማስፋፊያ አንዱ 19.99 ነው። ቪአይፒም 19.99። አወዳድረው። በአንዱ አዲስ አገር ትገዛለህ፤ በሌላው ቀድሞ ባለህ አገር ላይ የምትነዳው ተጨማሪ መኪና፣ በሦስተኛው ደግሞ ቶሎ የሚሞላ የጌም ኪስ። ዶላሩ እዚህ ሲመነዘር ምን እንደሚሆን አንተም ታውቃለህ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብሩ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ጥቅል ማለት በብር ሲታሰብ ብዙ ሺህ ነው። እህትህ በዶላር ብትከፍልም ያው የቤተሰብ ገንዘብ ነው። ለገና ወይም ለጥምቀት ትልክልህ ከነበረው ላይ ነው የሚቀነሰው።

በዚያ ገንዘብ ከማንኛውም ተጨማሪ ቀድመህ መግዛት ያለብህ ጆይስቲክ ነው። በጥቂቱም በሙሉም የሚገፋ ዘንግ (አናሎግ ስቲክ) እና ቀስ በቀስ የሚጫኑ መቀስቀሻዎች (ትሪገር) ያሉት ይሁን፤ ያገለገለም ቢሆን። ከመግዛትህ በፊት ሱቁ ውስጥ ሰክተህ ሞክረው፤ ሳትነካው ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ዘንግ ያለው ከሆነ አትውሰደው። ሁለተኛ፣ ጌሙ ያለው በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ወደ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ወደማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ፣ አዛውረው። ከ100 ጊጋባይት በላይ የሚፈጅ ጌም ነው። በፍጥነት ስትነዳ መንገዱን እየተከታተለ ከዲስክ ማንበብ አለበት፤ ዲስኩ ሲያነክስ ጌሙ ይንተፋተፋል፣ አንተም ኩርባው ላይ ትሸነፍና ቪአይፒን ትረግማለህ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ከሆንክ የላፕቶፕህ ባትሪ ቢያንስ ጌሙን በሥርዓቱ ለመዝጋት የሚበቃ መሆኑን እይ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ መብራት ሲሄድ የተቀመጠ ጨዋታህ ሊበላሽ ይችላል።

ስለ ክራኩ። ጓደኛህ «መኪኖቹ እኮ ኮምፒውተርህ ውስጥ አሉ፤ መክፈት ብቻ ነው» ብሎህ ይሆናል። ከፊሉ እውነት ነው። ጥቅል መኪኖቹ ከዝመናው ጋር ለሁሉም ይወርዳሉ። ኦንላይን ሌላው ሰው በዚያ መኪና ሲመጣ አንተም ማየት አለብህ፤ ፋይሉ ከሌለህ ምን ይታይሃል? ስለዚህ ዲስክህ ላይ መኖሩ የአንተ ነው ማለት አይደለም። ይሄ ብዙ ሰው ያናድዳል፤ ባልከፈልኩበት ነገር ዳታዬ ለምን ያልቃል የሚለው ጥያቄ እኔም ጋ ትክክል ነው። ግን ያለህ ሕጋዊ ጌም ነው፤ ስቲም ላይም ብትጫወት ከማይክሮሶፍት አካውንትህ ጋር ታስሯል። በዚያ አካውንት ላይ መክፈቻ ስትጠቀም ከተያዝክ ልትታገድ ትችላለህ። የምታጣው ያልገዛኸውን ብቻ አይደለም፤ እህትህ የከፈለችበትንም ጭምር ነው። በዚያ ላይ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የሚመጡት ከማይታወቅ ሰው ነው፣ የሚጫኑትም የኮምፒውተርህን መከላከያ አጥፋ እያሉ ነው። ጌም አስከፍታለሁ ብሎ የይለፍ ቃሉን ያስረከበ ሰው ጥቂት አይደለም።

በቴሌግራም ከሚሸጡ «ሙሉ ጥቅል ያለው አካውንት በቴሌብር» ከሚሉትም ራቅ። የምትገዛው የሌላ ሰው አካውንት ነው። ሻጩ አንዱን ለብዙ ሰው ይሸጠዋል፣ ኦፍላይን ብቻ ተጫወት ይልሃል፣ አንድ ቀን የይለፍ ቃሉ ይቀየራል። ብሩም አይመለስም፣ የምትከሰውም የለም።

አንድ ሌላ ገደብ ማወቅ አለብህ። እነዚህ ጌሞች ዘላለም አይሸጡም። የመኪና ስምና ምስል፣ ሙዚቃውም ጭምር፣ በውል የተወሰደ ነው። ውሉ ሲያልቅ ጌሙ ከሱቅ ይነሳል። ሆራይዞን 3 በ2016 ወጥቶ በ2020 ተነሳ። ሆራይዞን 4 በ2018 ወጥቶ በዲሴምበር 15 ቀን 2024 ተነሳ፤ ተጨማሪዎቹ ደግሞ ከዚያ ወራት ቀድመው በጁን ነው የተነሱት። የገዛ ሰው መልሶ ማውረድ ይችላል፤ ያልገዛ ግን አለቀ። ስለዚህ «አንድ ቀን እገዛለሁ» የምትለው ማስፋፊያ ካለ ያ ቀን ማብቂያ አለው። ለመቸኮል ግን ምክንያት አይሆንም። ይሄንን «ሊያልቅ ነው» የሚል ስሜት ራሳቸው ሻጮቹም በደንብ ይጠቀሙበታል።

ከሱቅ መነሳት እንኳ ይሻላል፤ የባሰም አለ። ዘ ክሩ የተባለው የዩቢሶፍት ጌም በ2014 ወጥቶ በማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ። ያለ ሰርቨር አይከፈትም ነበርና የገዛውም፣ ለተጨማሪ መኪና የከፈለውም እኩል ባዶ እጁን ቀረ። ጌሞችን አትግደሉ የሚለው የተጫዋቾች ዘመቻ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሆራይዞን 5 ብቻህን ስትሆን ያለ ኢንተርኔት ይነዳል፤ የሚቀርብህ ጨረታው፣ ሳምንታዊው ውድድርና ከሰው ጋር መወዳደሩ ነው። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰው ይሄ ትልቅ ነጥብ ነው። አንባቢዎች ሌላ የመኪና ጌም ከመግዛታችሁ በፊት መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄ ይሁን፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ ይከፈታል ወይ? ቴስት ድራይቭ አንሊሚትድ ሶላር ክራውን ለምሳሌ በ2024 ሲወጣ ብቻህን ብትጫወትም ኢንተርኔት ካልኖረ አልነዳም ያለ ነው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ሱቁን ባየህ ቁጥር ደምህ የሚፈላ ከሆነ፣ ጥፋቱ የአንተ አይደለም፤ ጌም ቀይር። በርንአውት ፓራዳይዝ ሪማስተርድ በ2018 የወጣ ነው፤ ድሮ ለብቻው ይሸጥ የነበረውን ደሴት ጨምሮ ይዞልህ ይመጣል። ለደካማ ላፕቶፕም አይከብድም። የ2019ኙ ኒድ ፎር ስፒድ ሂትም በቅናሽ ሰሞን በጣም ይረክሳል፣ ከፖሊስ መሮጥ ለናፈቀው የሞስት ዋንትድ ልጅም የሚሆን ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው። ለሁለት ወር ከጌሙ ሱቅ ምንም አትግዛ። ጆይስቲኩን አምጣ፣ ነጻ ማስተካከያ አውርድ፣ በአንድ ክፍል ተወዳደር። ከሁለት ወር በኋላም በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን እየከፈትከው ከሆነ፣ ራሊ አድቬንቸርን ብቻ፣ በቅናሽ ጊዜ አስገዛ። ስቲም በሰኔ መጨረሻና በፈረንጆች ገና ሰሞን ትልልቅ ቅናሽ ያደርጋል። ካር ፓስ፣ ቪአይፒ፣ ለጀማሪ ተብሎ የሚሸጠውን ዌልካም ፓክና ትሬዠር ማፕን በቅናሽም ቢሆን እለፋቸው።

ለእህትህ ስትነግራት «የፎርዛውን ተጨማሪ» አትበላት። ስሙን ጽፈህ ላክላት፤ ፎርዛ ሆራይዞን 5፣ ራሊ አድቬንቸር። እንዲያ ካልሆነ ሱቁ መጀመሪያ የሚያሳያት ትልቁን ጥቅል ነው፣ እሷም ላንተ አዝና እሱን ትጫነዋለች። በስጦታ መልክ ስትልክልህ ደግሞ በሁለቱ አገሮች ዋጋ መካከል ሰፊ ልዩነት ካለ ስቲም ላይቀበለው ስለሚችል፣ ከመክፈሏ በፊት ወደ አንተ አካውንት የሚላክ መሆኑን ታረጋግጥ። ከገባልህ በኋላ ካልወደድከው ከተገዛ በ14 ቀን ውስጥና ከግዢው ወዲህ ጌሙን ከሁለት ሰዓት ያነሰ ከተጫወትክ ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሁለት ሰዓት ዋናው ካርታ ላይ አታባክነው፤ በቀጥታ ወደ ሲየራ ኑዌቫ ግባ።